ክቡር አይዞህ

በዚህ ከተማ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁሉ የራሱ ሾፌር አለው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው! ባለሀብቱን ሾፌሩ ከኋላ አስቀምጦ ይነዳለታል፤ እኛን ደግሞ ሾፌራችን ከፊት አስቀድሞ ይነዳናል። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። የመውጫ ሰዓታችሁን ያጠና፣ የትም ብትታጠፉ ጎናችሁ የማይጠፋ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር አጣብቆ ነፍሳችሁን ካስበረገገ በኋላ፣ ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪ ጭን ላይ ተጋድሞ አንገቱን በመስኮት ብቅ አድርጎ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ «አይዞህ!» የሚላችሁ አንድ ሾፌር አላችሁ። የእኔ ክቡር ወጋየሁ ይባላሉ።

«ክቡር»ንም «አንቱ»ንም የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በዕድሜ እኩያዬ ናቸው። ነገር ግን ጠዋትና ማታ ሊጨፈልቀኝ ከሚቃጣው ሰው ጋር አንተ አንተ መባባል መቀራረብ ይመስላል፤ እኔ ደግሞ ከእሳቸው ጋር እስካሁን የተቀራረብነው ይበቃኛል።

ብስክሌት ያስገዛኝ የጀሞ የታክሲ ሰልፍ ነው። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ኬሚስትሪ የማስተምረው ደግሞ መካኒሳ አቦ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት። ጠዋት ጠዋት ያ ሰልፍ ሕንፃ ይዞራል። ሰልፉ ውስጥ ሰው ይተዋወቃል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፤ የማይመጣው ታክሲ ብቻ ነው። ብስክሌት ላይ ወጥቼ ያንን ሰልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በጎን ያለፍኩት ዕለት የተሰማኝን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ነፋሱ ሸሚዜን ነፍቶ ጀርባዬ ላይ ድንኳን ሠራ። ጉልበቴ ጎረምሳ ሆነ። በደስታ ብዛት ለሰልፈኞቹ እጄን አውለበለብኩላቸው። አንድም ሰው አላውለበለበልኝም፤ አልተቀየምኩም።

ባለቤቴ ሄርሜላ ግን ያየችው ሌላ ነው። ክርኔ ተልጦ፣ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀድዶ ለሁለተኛ ጊዜ ቤት የገባሁ ዕለት፣ ቁስሌን በአልኮል እየጠረገች (ሆን ብላ አብዝታዋለች) «ስማ» አለችኝ። «እኔ ያገባሁት ሰው ነው፣ ፋሻ አይደለም። ከአሁን በኋላ አንዴ ደምተህ ብትመጣ ይሄ ሳይክል ይሸጣል። አለቀ።»

ሄርሜላ «አለቀ» ካለች አልቋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ስወጣ ብስክሌቴንና ብስክሌቴን የማጣት ፍርሃቴን አብሬ ይዤ ነው። በእኔና በብስክሌቴ መካከል ደግሞ ክቡር ወጋየሁ ቆመዋል። ቆመዋል ያልኩት ለአነጋገር ነው፤ እሳቸው አይቆሙም።

የክቡርነታቸው ሚኒባስ ሰማያዊና ነጭ ነው፤ የቀኝ ስፖኪዮ የለውም። ስፖኪዮው ድሮ ተገጥሞበት የነበረው ብረት ላይ ቀይ የፕላስቲክ አበባ ታስሯል። እኔ መታየት የነበረብኝ ቦታ ላይ አበባ ሳይ፣ ለቀብሬ አስቀድመው ያዘጋጁልኝ ይመስለኛል። በቀኝ በኩል ያለውን ዓለም የሚያዩላቸው ረዳታቸው በቀለች ናት። አርባውን የተሻገረች፣ ግማሽ አካሏን በበሩ አውጥታ የምትጓዝ፣ «ጀሞ! ጀሞ! ሁለት ሰው የቀረው!» ስትል ሀና ማርያም ድረስ የምትሰማ ሴት ናት። በቀኝ በኩል ስላለው ነገር ሁሉ ለሾፌሯ የምትነግረው ግን በሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ወይ «ሳበው!» ወይ «ወራጅ አለ!»። እኔ በሁለቱም ውስጥ የለሁም።

ስለዚህ «ወራጅ አለ» ስለሚባለው ነገር ልንገራችሁ። ክቡር ወጋየሁ የሰው ክላክስ አይሰሙም። ከቀይ መብራት ጋር ይከራከራሉ። የብስክሌቴ ደወልማ ለእሳቸው የወፍ ጫጫታ ነው። «ወራጅ አለ» ከተባለ ግን፣ እጃቸው ከጆሯቸው ጋር በሽቦ የተያያዘ ይመስል፣ ያለ ሐሳብ፣ ያለ ማየት፣ መሪው ወደ ቀኝ! በቀኝ ያለው ማነው? እኔ ነኛ! አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ለስለስ ባለ ድምፅ «ወራጅ አለ፣ የኔ ልጅ» ስላሉ ብቻ ስንት ጊዜ ቦይ ውስጥ ገብቻለሁ! እናትየዋ መቼም ምን እንዳደረጉ ሳያውቁ መርቀው ወርደዋል።

አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ ደረስኩባቸው። እልሄ ጉሮሮዬ ደርሷል።

«ክቡር ሆይ፣ አላዩኝም?»

«አየሁህ እንጂ!»

«ካዩኝ ታዲያ ለምን ይገፉኛል?»

«ነካሁህ?»

«አልነኩኝም፤ ነገር ግን...»

«አልነካሁህማ! አይዞህ!»

መብራቱ ገና ቀይ ነው፤ እሳቸው ሄደዋል።

ቀስ በቀስ እንደገባኝ የክቡርነታቸው ሕገ መንግሥት ይኸው ነው። አንቀጽ አንድ፣ ነካሁህ? አንቀጽ ሁለት፣ አልነካሁህም። አንቀጽ ሦስት፣ አይዞህ። ማሻሻያ አይቀበልም። ሰኔ ላይ ኩሬውን ሰንጥቀው አልፈው ከአናቴ እስከ ካልሲዬ ጭቃ ሲያለብሱኝ፣ «ውኃ እኮ ነው፣ ይደርቃል፤ አይዞህ!» ተማሪዎቼ እስከዛሬ የጠዋቱን መንገድ ሁኔታ የሚያነቡት ከሱሪዬ ላይ ነው። ለብስክሌት ብቻ ተብሎ በተቀባው መንገድ ላይ ሚኒባሳቸውን አቁመው ሰው ሲጭኑ ብደርስ ደግሞ፣ «አንተ ሳይክል! ትንሽ ትንፋሽ እንድትወስድ ብዬ እኮ ነው!» ስሜ ሳይክል ነው። የእሳቸውን ስም እኔ የማውቀው በቀለች ስትጠራቸው ስለምሰማ ነው፤ የእኔን የሚጠራልኝ ሰው የለም።

በመጨረሻ ገበያ ወጥቼ የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያ ገዛሁ። ዓላማዬ መታየት ብቻ ነበር። ምን ሆነ መሰላችሁ! መንገዱ በአንድ ጊዜ ጨዋ ሆነ። አንዱ የቤት መኪና ነጂ ሲያወራበት የነበረውን ስልክ እግሩ ሥር ወረወረው። ባጃጆች ሰልፍ ያዙ። ክቡር ወጋየሁ ከኋላዬ በርቀት፣ በዝግታ፣ ቀበቷቸውን አስረው፣ የሠርግ መኪና የሚነዱ መስለው ይከተሉኝ ጀመር። በቀለች ትርፍ የጫነቻቸውን ሰዎች «ጎንበስ በሉ! ጎንበስ በሉ!» ስትል ሰማኋት። ለካ ትራፊክ መስያቸዋለሁ! እንደዚያ ጠዋት ተከብሬ አላውቅም። ደረቴን ነፍቼ፣ በመንገዱ መሃል፣ እንደ ንጉሥ ሄድኩ። ምን ዋጋ አለው፣ አደባባዩ ላይ ስታጠፍ ፊቴን አዩት።

«እንዴ! አንተ ሳይክል! አንተ ነህ?» አሉ፣ እንደተከዳ ሰው። «ይሄን ሁሉ መንገድ በከንቱ ታስሬ መጣሁ!» ቀበቷቸውን ፈቱ፣ ጎንበስ ያሉት ቀና አሉ፣ እኔን ከጠርዙ ጋር አጣበቁኝ። «አይዞህ!»

ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን መንገድ አልቀየርክም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ምን ልበላችሁ፣ ከዚያ ሁሉ ግፊያ በኋላ በሕይወት ትምህርት ቤቱ በር ስደርስ ደሜ ሁሉ ይዘፍናል! ታክሲ ውስጥ ተጣጥፎ የመጣ መምህር እንዲህ አይሆንም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፣ አንድ ጠዋት ካፊያ እያካፋ ወደ ጀርመን አደባባይ እየሄድኩ ነበር። የብስክሌቱ መንገድ ላይ አንድ ነጭ የቤት መኪና ቆሟል። በግራው ዞሬ ላልፍ ስል፣ ነጂው ኋላውን ሳያይ በሩን ቧ አድርጎ ከፈተው። መሪዬን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ። አስፋልቱ ርሷል። ብስክሌቴ ወደ አንድ በኩል፣ እኔ ወደ ሌላ በኩል ተንሸራተን፣ መንገዱ መሃል በጀርባዬ ተዘረርኩ። ቀና ስል ያየሁት ነገር ያ ቀይ የፕላስቲክ አበባ ወደ እኔ ሲመጣ ነው። ሄርሜላ ብስክሌቱን ለመሸጥ የእኔ ፈቃድ እንኳ ላያስፈልጋት ነው ብዬ አሰብኩ።

በበሩ አጮልቃ የምትሄደው በቀለች አየችኝ። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ልትል የፈለገችው «ቁም! ሰው አለ!» ነበር። ደንግጣ ከአፏ የወጣው ግን ዕድሜ ልኳን ስትለው የኖረችው ነው።

«ወራጅ አለ!»

ያለ ሐሳብ፣ ያለ ማየት፣ መሪው ወደ ቀኝ! ስንት ጊዜ ቦይ የከተተኝ ያ ልማድ፣ ያ የተረገመ እጅ! በዚያች ጠዋት ግን በቀኝ በኩል እኔ አልነበርኩም፤ የተከፈተው በር ነበር። ሚኒባሱ በሩን ገጭቶ ወደ ፊት አጠፈውና ቆመ። የነጩ መኪና ነጂ እግሩን ስቦ መሪው ሥር ተኮራምቷል። የሚኒባሱ የኋላ ጎማ ከጫማዬ ጫፍ ብዙም አይርቅም።

ክቡር ወጋየሁ ከመኪናቸው ተወርውረው ወረዱ። «ሳይክል! ሳይክል! ኧረ ሳይክል!»

«ሰው ወድቆ ለሳይክሉ ይጮኻል እንዴ?» አለች አንዲት ተሳፋሪ፣ ተቆጥታ።

መጥተው ከአናቴ በላይ ቆሙ። ተጋድሜ ያችን ቃል ጠበቅኩ። አፋቸው ተከፈተ፤ ቃሉ አልወጣም። እንደገና ሞከሩ፤ አልወጣም። ከዚያ ጠርዙ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። እጃቸውን ለመደበቅ ብብታቸው ሥር ከተቱት፤ ትከሻቸው ጭምር ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንቱታው የሚያበቃው እዚህ ጋ ነው። እንዲህ የሚንቀጠቀጥ ሰው አንቱ ሊባል አይችልም፤ አንጀት ይበላል። ጉልበቴ እየደማ ተነሥቼ ሄድኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ወጋየሁ» አልኩት። «ነካኸኝ?»

ቀና ብሎ ሳያየኝ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

«አልነካኸኝማ። አይዞህ።»

በቀለች በሩ ከታጠፈበት ሰውዬ ጋር እየተጨቃጨቀች ነበር፤ ማን እንዳሸነፈ ድምጿን የሰማ ሁሉ ያውቃል። ወጋየሁ ተሳፋሪዎቹን በሌላ ታክሲ አሳፍሮ እኔንና ብስክሌቴን ጀሞ መለሰን። እኔ እምቢ ብልም ብስክሌቱን ተሸክሞ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እስከ ቤቴ በር ወጣ። ሄርሜላ በሩን ከፈተች። የሚደማውን ጉልበቴን አየች። ከኋላዬ የቆመውን ሰው አየች። እኔ «ይሸጣል» የሚለውን ቃል ለመስማት ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አይዞህ ባዩ አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

«የቀኝ ስፖኪዮ የለህም አሉ።»

«አበባ አለው» አለ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሄርሜላ አሁንም ብስክሌቴን ያልለቀቀውን እጁን አየች። «እንግዲያው ሁለታችሁም ስሙ» አለች። «ሳይክሉ አይሸጥም። አበባው ወርዶ መስታወት እስኪገባ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም። አለቀ።»

ስፖኪዮው በማግስቱ ገባ። እኔ ግን ጉልበቴ እስኪድን የሰልፍ ሰው ሆኜ ሰነበትኩ፤ በብስክሌት የሚያልፍ ሰው ሳይ እጄን አውለበልብ ነበር።

በመጨረሻ የተመለስኩ ዕለት ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋሱ ሸሚዜን ነፍቶታል፣ ደስታዬ ወሰን አጥቷል! መካኒሳ ልንደርስ ስንል ወጋየሁ በግራዬ መጣ። ከውስጥ «ወራጅ አለ!» ተባለ። ከልማድ የተነሣ ፍሬን ይዤ ቦዩን በዓይኔ ለካሁት። ሚኒባሱ ግን ወደ ቀኝ አልመጣም። በአዲሱ ስፖኪዮ ውስጥ ሁለት ዓይኖች እኔን ይፈልጋሉ። አገኙኝ። ወጋየሁ ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪ ጭን ላይ ተጋድሞ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«እለፍ!» አለኝ።

ይህን ቃል ከሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ደነገጥኩና ቆምኩ። «አይ፣ አንተ ቅደም! ወራጅ አለህ!»

«ኧረ አንተ እለፍ!»

«በፍጹም! አንተ!»

ከኋላችን ክላክሱ ቀለጠ። አውቶቡሱ፣ ባጃጁ፣ የቤት መኪናው ሁሉ ይጮኻል። «ኧረ አንዳችሁ እለፉ፣ ሰው ይውረድበት!» አለች በቀለች።

ወጋየሁ ግን አልተንቀሳቀሰም። እንደ ጥሩ ጋባዥ እጁን ዘርግቶ መንገዱን አሳየኝ።

«በሞቴ!» አለኝ። «በሞቴ እለፍ!»

ስንት ዘመን በእኔ ሞት ሲጫወት የኖረ ሰው በራሱ ሞት ለመነኝ። እንዲህ ተብሎ እምቢ ማለት በእኛ አገር ነውር ነው፤ እየሳቅኩ አለፍኩ።