ከደንገሉ የተነሡት ወፎች

ፍየል እፈራለሁ። አትሳቁ፤ ፎገራን በሚያህል የከብት አገር ተወልዶ ፍየል የሚፈራ ሰው አለ። ያደግሁት ወረታ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ከብት የማውቀው ወደ ገበያ ሲነዳ በመስኮት አይቼ ነው። ይህን ያስቀደምኩት በኋላ የዋሸሁትን ውሸት ልክ እንድታውቁልኝ ነው።

ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ረፋድ ስለ ስበት ሞገድ እያስረዳሁ ነበር። ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች፣ ብርሃን እንኳ የማያስመልጡ ጉዶች፣ ሩቅ ሰማይ ላይ ተጋጭተው አንድ ይሆናሉ። ሕዋው ራሱ ይርገበገባል። እዚህ ምድር ላይ ያሉ መሣሪያዎች መርገብገቡን ይሰማሉ፤ ከወዴት እንደመጣ ግን በደንብ አይለዩም። "ከዚያ አካባቢ" ነው የሚሉት፤ አካባቢው ደግሞ ስፋቱ! ከዚያ ቴሌስኮፖች ወደዚያ ይዞሩና የድሮውን ፎቶ ከዛሬው እያስተያዩ አዲስ ብርሃን ይፈልጋሉ።

ይኼኔ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ በመስኮቱ ብቅ አሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ወንበራቸውን ከመስኮቴ ሥር አድርገው ትምህርት መስማት ይወዱ ነበር።

"እቴ፣ ሁለት ጨለማ ተጋጭቶ ብርሃኑን ከየት ያመጣዋል?"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መልሱን አላውቀውም። አላውቅም ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን "ጋሼ፣ እርስዎ በሩን ይጠብቁ" አልኳቸው።

ቢቀየሙኝ ይሻለኝ ነበር። በእረፍት ሰዓት ፈልገውኝ መጡ፤ "አገኘሁት!" እያሉ። ክረምት ሜዳው ውሃ ሲሞላ ሁለት ጥቁር ኮርማዎች ሰው በሚውጠው የደንገል ሣር ውስጥ ቢዋጉ፣ ኮርማዎቹን አታዪያቸውም አሉ። መሬቱ ግን ከእግርሽ ሥር ይንቀጠቀጣል። የት እንዳሉ በምን ታውቂያለሽ? ነጫጭ ወፎች ከደንገሉ ብር ብለው ሲነሡ።

"ብርሃኑ የኮርማዎቹ አይደለም፣ እቴ። ዙሪያቸው ያለው ተረብሾ ነው።"

ቤት ገብቼ ሳነብ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሊቃውንቱም የሚሉት ይህንኑ ነው። ጥቁር ጉድጓዶቹ የተጋጩት ጋዝ መሐል ከሆነ ጋዙ ተረብሾ ያበራ ይሆናል ብለው ነው የሚፈልጉት።

በሳምንቱ ትምህርቱን የሚገመግሙ እንግዶች መጡ። ኮርማዎቹን አዋጋሁላቸው፣ ወፎቹን አስነሣሁላቸው። ተደነቁ። አንደኛው ምሳሌውን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ።

"ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ያየሁት ነው" አልኩ። እኔ! ፍየል ፈሪዋ!

ጥበቃው የእንግዶቹን ጃንጥላ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጃንጥላውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። ለእኔ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። በማግስቱ ወንበራቸው ከመስኮቴ ሥር የለም፤ ወደ ዋናው በር ሄዷል።

ሦስት ቀን ሰላምታቸውን ስመልስ ጫማዬን ነበር የማየው። በአራተኛው ቀን አልቻልኩም። ሄጄ "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሰረቅሁዎት" አልኳቸው።

"ስርቆቱንስ ተይው" አሉ። "ግማሹን ጥለሽው ሄድሽ እንጂ።"

"ምኑን?"

"ወፍ እኮ እንዲሁም ይነሣል። ጭልፊት ሲያልፍ ይነሣል፣ ውሻ ሲጮህ ይነሣል። ወፍ በተነሣ ቁጥር ኮርማ ተዋጋ የሚል ሰው ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሲረግጥ ይውላል። ይቅርታውን አግኝተሻል፤ ወፎቹን ግን አስተካክይልኝ።"

የሊቃውንቱም ራስ ምታት እኮ ይኸው ነው። ያዩት ብርሃን የግጭቱ ይሁን፣ ወይስ እንዲያው በራሱ ቦግ ያለ፣ እርግጠኛ መሆን አቅቷቸዋል። እኔ ግን እርግጠኛ ሆኜ ወረቀት ተቀብያለሁ።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ወፎቹን አስተካከልኩ። "አንድ ሰው እንዳስረዱኝ" ብዬ። አንድ ሰው! ምላሴ ከዚያ በላይ አልሄድ አለኝ። ይኸው ዛሬም፣ በደሌን ልናዘዝ ብዬ በተቀመጥኩበት ወረቀት ላይ፣ ከላይ እስከ ታች "ጥበቃው" እያልኩ መጣሁ። አስተዋላችሁ?

ጋሼ ሙላቴ ይባላሉ። ኮርማዎቹም ወፎቹም የእሳቸው ናቸው። የእኔ ፍየል መፍራቱ ብቻ ነው።