ሊቁ መምህር አዛናውና የእህቴ ሕመም

ሁሉን የሚያውቅ ሰው የሌለበት ከተማ እግዜር አልፈጠረም። ለወረታ የደረሷት ሊቀ ሊቃውንት መምህር አዛናው ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ የባዮሎጂ አስተማሪ፣ ለእኔ ደግሞ የአጥር ጎረቤት። ለፎገራ ገበሬ ስለ ሩዝ አበቃቀል ያስረዳሉ፤ ለቄሱ ስለ ጠበሉ ውኃ ይዘት። በ2006 ዓ.ም. በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ስለ ነጭ የደም ሴል ሲተነትኑ ካድሬውን እንቅልፍ ጣለው። ወረታ ያመሰገነቻቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ታናሽ እህቴ ጸሐይነሽ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። አፍራ ሸሸገችው። ጎንደር ወስጄ ሳስመረምራት ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷልም አሉን። ቤቴ አምጥቼ አስተኛኋት። ጠያቂው ሁሉ «ያ ክፉ በሽታ» እያለ ያንሾካሹካል፤ አንዳንዷም «ምን በድላ ይሆን?» ትላለች።

መምህር አዛናው ግን በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ ወንበር ስበው ይቀመጡና ካንሰርን በስሙ ይጠሩታል።

«በደምሽ ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ ወታደሮች አሉሽ» አሏት። «ጠላትን ስላዩ ብቻ አይተኩሱም። መጀመሪያ ጠላትነቱን መለየት፣ ቀጥሎ ‹ምታ› የሚል ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። ሁለቱ ምልክቶች ከሴሉ ሽፋን ተነስተው፣ አንዱ ፕሮቲን ለሌላው እያቀበለ እስከ ውስጥ ሲዘልቁ ነው ውጊያው የሚጀመረው።»

«ታዲያ የኔዎቹ ምን ነካቸው?»

«ካንሰር ተንኮለኛ ነው። ‹ቁም› የሚል ምልክትም አለ፤ እሱን ያሳያቸዋል። አጠገቡ ደርሰው ይቆማሉ።»

«ፈሪ ሆነው አይደለማ?»

«አይደለም! አንቺም የበደልሽው የለም።»

አላስቻለኝም። ወደ ደጅ ጠርቻቸው «ጌታዬ፣ ይች ልጅ እየሞተች ነው፤ ትምህርቱን ለተማሪዎችዎ ያድርጉልኝ» አልኋቸው።

ጸሐይነሽ ከውስጥ ሰማች። «ተዋቸው!» ብላ ጮኸች። «ሌላው ሁሉ ሞቼ እንዳለቀልኝ ነው የሚያየኝ። እሳቸው ያዋሩኛል።»

አንድ ቀን፣ ‹ቁም› የሚለውን ምልክት የሚከለክል መድኃኒት ውጭ አገር ለአንዳንዱ ካንሰር መስጠት እንደተጀመረ ነገሯት።

«እኛ አገርስ?»

«እኛ አገር የለም።»

«እኔ ባልደርስበትም መገኘቱ ደግ ነው» አለች።

ነሐሴ ላይ፣ ሜዳውን ውኃ በዋጠው ሰሞን ሞተች።

ከአርባዋ በኋላ መምህር አዛናው ደጄን መርገጥ ተዉ። እኔው ሄድሁባቸው። መጻሕፍታቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው ተቀምጠዋል።

«እነዚያ ወታደሮች የስንቱን ሰው ካንሰር ገና ሳይታይ ይገድላሉ ብለው ነበር» አልኋቸው። «በእሷ ጊዜ ለምን አቃታቸው?»

የተከፈተውን መጽሐፍ ከደኑት።

«አላውቅም፣ ወንድሜ ያየህ» አሉኝ። «ስንቱን ገለበጥሁ፤ ለምን እሷ እንደሆነች የሚል አላገኘሁም።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

ስንት ጊዜ ከደጄ ላባርራቸው የተመኘሁ ሰውዬ፣ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ነገ ይምጡ» አልኋቸው። «ቤቱ ጭር ብሎብኛል።»