ሁለት ራስ ያለው የፍሬን ገመድ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። ጠርጥሮ የተመነጠረውን ግን የሚያነሳው የለም። በደርግ ዘመን ለንደን የገባን ሐበሾች ጥርጣሬን ከሻንጣችን ጋር ይዘን ነው የመጣነው፤ ሻንጣው ሊጠፋ ይችላል፣ እሷ አትጠፋም። አውቶቡስ ውስጥ አማርኛ ከሰማን ከሰፈራችን አንድ ፌርማታ ቀድመን እንወርዳለን። ስማችንን ለጠየቀን የአጎታችንን ልጅ ስም እንሰጣለን። አትሳቁ፤ እናንተም ብትሆኑ ትወርዱ ነበር።

እኔማ ምክንያት ነበረኝ። መንግሥት ለትምህርት ልኮኝ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ሳልመለስ ቀረሁ። ዋስ ሆኖ የፈረመልኝ ታላቅ ወንድሜ ያለው አዲስ አበባ ነው። ለአገር ቤት «ገና አልጨረስኩም» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠብኩ እንደምኖር ወሬው ኤምባሲ ቢደርስ ግን ተጠርቶ የሚጠየቀው እሱ ነው። እሱን እያሰብኩ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ የኮርሳ ብስክሌቴ፣ የዚያች መሪዋ እንደ በግ ቀንድ የቆለመመው የእሽቅድምድም ብስክሌት፣ የፊት ፍሬን ገመድ ተበጠሰ። የኋላው ድሮም ለስሙ ነው። ከቤቴ በላይ ያለውን ዳገት ብስክሌቴን እየገፋሁ ወጥቼ ስትሪትሃም ሰፈር ደረስኩና ከጥጉ ዞር ብሎ ካለ አጥር ጋር አስሬው አንዲት ጠባብ የብስክሌት ሱቅ ገባሁ። ባለቤቱ ሸበቶ ሰው ናቸው። ገና ሲያዩኝ በአማርኛ «እንደምን ዋልክ» አሉኝ። የፍሬን ገመድ እንደምፈልግ ብቻ ነገርኳቸው።

ተክሌ እባላለሁ፣ አስመራ ነው ያደግሁት አሉ። ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። በየት በየት ነው የምትነዳው? በየቀኑ ነው? ስንት ሰዓት ትወጣለህ? ቁልቁለት አለው? የቀበሌ ሊቀመንበር እንኳ እንዲህ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም። ቤቴ ቁልቁለቱ ግርጌ፣ ብሪክስተን ነው፤ እኔ ግን ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰፈር መረጥኩ።

«ፊንስበሪ ፓርክ ነው የምኖረው። መንገዱ ሜዳ ነው። ብስክሌቱም እዚያው ነው፣ በባቡር ነው የመጣሁት።»

«የማርሽ ገመድ ቀጭን ነው፣ ለፍሬን እንዳትሞክረው» አሉና ወፈር ያለውን ከሚስማር ላይ አወረዱ። ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ራስ አለው፤ አንዱ እንደ ትንሽ በርሜል ድብልብል፣ ሌላው ሾጠጥ ያለ። «ድብልብሉ ለቀጥ ያለ መሪ ነው፣ ሾጣጣው ለቆልማማ። የማትፈልገው ይቆረጣል። ያንተ የቱ ነው?»

በዚያ ሰፈር ኮርሳ የሚነዳ ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ቆልማማ ማለት በገዛ እጄ ራሴን መጠቆም ሆኖ ታየኝ።

«ቀጥ ያለ» አልኩ።

ፒንሳውን አነሱ። «እርግጠኛ ነህ? አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም።» እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ቀጭ። የምፈልገው ራስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ቆሜ አየሁት።

ጥግ ዞር ብዬ ራሴ ገጠምኩት። በርሜሏ የፍሬኑ እጀታ ውስጥ አልቀመጥ ብላ በመፍቻ ገፋኋት። ሦስቴ ጨብጬ ሞከርኩ፣ ያዘ። ወደ ቤቴ ቁልቁል ወረድኩ።

የዚያን መንገድ ቁልቁለት የማያውቅ ሰው ሜዳ ይመስለዋል። እግሬ መርገጡን ትቶ ብስክሌቱ ብቻውን መብረር ሲጀምር፣ ፊቴ የነበረው ቀይ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። ጧ አለና እጀታው ባዶውን ጣቴ ውስጥ ገባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። «ቆልማማ ነው!» ብዬ ጮህኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ሁለት እግሬን አስፋልት ላይ እየጎተትኩ ወደ ጎን መንገድ ታጠፍኩና የአንድ እንግሊዛዊ የአጥር ተክል ውስጥ ገባሁ። የግራ ጫማዬ ሶል መንገድ ላይ ቀረ። ቅጠል መሀል ተቀምጬ ያሰብኩት ወንድሜን ነው፤ እሱን ላድን ብዬ የሬሳዬን ወሬ ልልክለት ነበር።

ብስክሌቴን እየገፋሁ ዳገቱን ወጥቼ ሱቁ ተመለስኩ። ጋሽ ተክሌ መሪውን አዩ፣ ጫማዬን አዩ። አልሳቁም። አዲስ ገመድ አወረዱና ፒንሳውን አነሱ።

«አሁንስ የትኛውን ልቁረጥ?»

«ድብልብሉን» አልኩ። አፍሬ ነበርና የቀረውንም ዘረገፍኩት። «ቤቴም ፊንስበሪ ፓርክ አይደለም። ብሪክስተን ነው።»

«ቤትህን መቼ ጠየቅሁህ? ቁልቁለቱን ነው የጠየቅሁህ» አሉ።

የፊቱንም የኋላውንም ለወጡልኝ። ሲጨርሱ ሸክም የወረደለት ሰው ሆንኩና፣ እንደ አገር ልጅ ለወግ ያህል ጠየቅኋቸው።

«እርስዎስ፣ ጋሽ ተክሌ፣ ቤትዎ ወዴት ነው?»

እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። ብዙ ጠረጉ። ከሱቁ በላይ ካለው ፎቅ አንዲት ሴት በትግርኛ ተጣራች፤ ምሳ መቅረቡን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻም። የወጡም ሽታ በደረጃው ወርዶ ደረሰን።

«ፊንስበሪ ፓርክ» አሉኝ።

«ሩቅ ነው» አልኳቸው።

«በባቡር ነው የምመጣው» አሉና ደረጃውን ወጡ።