የሙሴ ኦርባን የመጀመሪያው ሸክላ

«የመጀመሪያው ሸክላቸው ነበር ሸክላ!» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እኛ የሩቤ ከተማ ሰዎች ግን ዋናው ደርሶናል፤ ክቡር ሙሴ ኦርባን፣ ጡረታ የወጣው የትራም ሹፌር።

ቴርኖክ የሚባል፣ ጃዝና ሮክን ቀላቅሎ በወጣትነታችን ያደነቆረን ባንድ ነበር። የኋለኞቹ ሥራዎቹ ለጆሮ ይመቻሉ። ይህን ለሙሴ ኦርባን እንዳትነግሩት! «ከመጀመሪያው ሸክላ በኋላማ እንጀራ ፍለጋ ነው» ብሎ ጣቱን ይነቀንቅባችኋል። እሁድ ከምሳ በፊት አንድ ብርጭቆ ልትቀምሱ ቤቱ ከገባችሁ አለቀላችሁ፤ ሸክላው ሲዞር ማውራት ክልክል ነው። አንዴ ቢያስነጥሰኝ ከመጀመሪያው አስጀመረው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳክስፎኑ አንዲት ዜማ ላይ ችክ ይልና ይደጋግማታል፣ ይደጋግማታል፣ ከዚያ በመከራ ይለቃታል። እዚያች ጋ ሲደርስ ሙሴ ኦርባን ዓይኑን ይጨፍናል። «ሰማችሁ? ሰው ከሐዘኑ ጋር የሚታገለው እንዲህ ነው!» አባቱ የሞቱ ሰሞን ያቺን ቦታ እየሰማ ነው የሰነበተው። የሚስቱ እህት ማዳም ጆዜት ግን «ጅራቷን በር የያዛት ድመት!» እያለች ታበሽቀዋለች።

ሸክላው ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛ ነው። እዚያች ቦታ ላይ መርፌውን ወደ ኋላ የሚመልስ ጭረት እንዳለበት ከሱ በቀር ሁላችንም እናውቃለን፤ ማን ደፍሮ ይንገረው?

ባለፈው እሁድ ልጁ ሶሌን ያንኑ ሸክላ አዲስ የታተመውን በስጦታ ይዛለት መጣች። በሆዴ «ጉድ ፈላ!» አልኩ። ሸክላው ዞረ፣ ያቺ ቦታ ደረሰች፣ ሳክስፎኑ አንዴ ነካ አድርጓት እብስ አለ።

ሙሴ ኦርባን ፊቱ አመድ መሰለ። ተነስቶ አሮጌውን ከከረጢቱ አወጣና መስኮቱ ጋ ወስዶ አገላበጠው። አውራ ጣቱ ጭረቷ ላይ ቆመች።

«ታውቁ ነበር?» አለ።

ያ ሁሉ ስብከቱ ከነጉራው እንዲመለስልኝ ተመኘሁ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ...» ብላ ሶሌን ስትጀምር ማዳም ጆዜት አፈጠጠችባት።

«ዝም በይ አንቺ፣ ሸክላ እየዞረ ነው!»

ብድግ ብላ አዲሱ ላይ ያለውን መርፌ ቀስ አድርጋ አነሳችና ወደ ኋላ መለሰችው። ሳክስፎኑ ያችን ዜማ ነፋት። ደግማ መለሰችው።

«ምን ታየኛለህ አንተ ሰውዬ? ጨፍን እንጂ!»

ጨፈነ። እሷም መርፌውን እያነሳች ትመልሳለች። እጇ ሲዝል እኔ ተነስቼ ተቀበልኳት።