እጀታ የሌላት መኪናዬ

ሰውን የሚያከስረው የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፤ ተጨማሪው ነው! ሆድ የሚታመመው በምሳው አይደለም፤ ከምሳው በኋላ “እንዲያው ትንሽ” ተብሎ በተጨመረው ነው። ትዳር የሚናጋው በሚስት አይደለም፤ በተጨ… ይቅር፣ ይህን ባለቤቴ ታነበዋለች።

በእኛ በመካነ ሰላም ገበያ ምራቂ የሚባል ደግ ነገር አለ። ቃሪያ ስትገዙ ሻጯ ከላይ የምትጨምርላችሁ እፍኝ ነፃ ነው፤ ምርቃትም አለበት። አዲስ አበባ መኪና መሸጫ ውስጥ ግን ምራቂውንም ትገዙታላችሁ። ምርቃት የለውም!

ነዳጅ ፍለጋ ማደያ በር ላይ ማርጀት ሲበቃን፣ እኔና ባለቤቴ ዘሀራ የኤሌክትሪክ መኪና ልንገዛ አዲስ አበባ ሄድን። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ የሚጨብጥ አንዲት ሻጭ ወጣት ተቀበለችን።

“መኪናዋ ይቺ ናት። ተጨማሪዎቹን ደግሞ እናንተ ትመርጣላችሁ” አለች። “ጣሪያዋ ቆርቆሮ ይሁን መስታወት?”

“መስታወት!” አልሁ።

“ምነው፣ ሰማይ አይተህ አታውቅም?” አለች ዘሀራ።

“ሲፈልጉ ይከፈታልም። ወንበሩስ? ተራ ይሁን ጀርባ የሚያሽ?”

“የሚያሽ!”

“የምታወራ ትሁን ዝም የምትል?”

“የምታወራ!”

“እኔ አነስሁህ?” አለች ዘሀራ።

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ለጊዜው የምታወራው በቻይንኛ ብቻ ነው” አለች።

“ግድ የለም፣ ወሎ ስትገባ አማርኛ ትለምዳለች!”

የመጨረሻው ጥያቄ የበሩ ነበር። “ባለ እጀታ ይሁን እጀታ አልባ? ዘመናዊዎቹ እጀታ የላቸውም፤ ከውስጥም ከውጭም በአዝራር ነው የሚከፈቱት።”

ዘሀራ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። “እጀታ የሌለው በር፣ በር ነው? ግድግዳ እኮ ነው!”

እንግዲህ ልብ በሉ! እኔ መካነ ሰላም ላይ የምተዳደረው ምን በመሸጥ መሰላችሁ? ማጠፊያ፣ ቁልፍና… የበር እጀታ! ዕድሜውን ሙሉ እጀታ ሲሸጥ የኖረ ሰው ደግሞ እጀታ ማየት ያንገሸግሸዋል።

“እጀታ አልባ!” አልሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና… የቀረውን ታውቁታላችሁ። ለዘሀራ የደረሳት ምርጫ የምንጣፉ ቀለም ብቻ ነበር። “ጥቁር” አለች። ለጭቃ ይሁን ለኀዘን አልጠየቅኋትም።

መኪናዋን ይዘን በገባን በሳምንቱ ታናሽ ወንድሜ ኑሩ መጣ። ወግዲ የምትሠራ ሰሚራ የምትባል ነርስ ልቡን ወስዳዋለች። ልጅቱ እሺ ብላለች፤ ችግሩ አባቷ፣ አያ እንድሪስ ናቸው። ሽማግሌ ሲላክባቸው “እስቲ እናስብበት” ብለው ይሸኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ማሰብ ብቻ ነው! የእኛንም ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መልሰዋቸዋል። ኑሩ ከመክሳቱ የተነሳ ቀበቶው ላይ ቀዳዳ እየጨመረ ነው።

“ወንድም ጋሼ፣ አሁን ካልሆነ ለሌላ ሊሰጧት ነው” አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

“አብሽር!” አልሁት። “ሽማግሌዎቹን በአዲሷ መኪና እኔው እወስዳቸዋለሁ!”

እሑድ ጠዋት ሁለቱን ሽማግሌዎች አሳፈርሁ። ከፊት አያ ሰይድ ተቀመጡ፤ በሬ ነጋዴ ነበሩ፣ ምላሳቸው ሰንጋ ከጌታው ያፋታል። ከኋላ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ታደሰ ሆኑ። እንደምታውቁት በእኛ አገር እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ ካልለመነ ልመናው ጎዶሎ ነው።

ከከተማው ሳንወጣ ጋሽ ታደሰ ቀስ ብለው፣ “ልጄ፣ ከወንበሩ ሥር ሰው አለ?” አሉ።

“የለም ጋሼ፣ ምነው?”

“አንድ ነገር ጀርባዬን እየደበደበኝ ነው!”

“ተወው ታደሰ” አሉ አያ ሰይድ ሳይዞሩ። “አንተስ ስንቱን ተማሪ ደብድበሃል!”

የወግዲ ፒስታ ላይ ስንወጣ ደግሞ መኪናዋ በየደቂቃው በቻይንኛ አንድ ነገር ትል ጀመር። አያ ሰይድ በደንቡ “ወአለይኩም ሰላም” እያሉ ይመልሱላታል። “ምን ትላለች?” ሲሉኝ፣ “እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የምትለው” አልኋቸው። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ምስኪኗ “ባትሪዬ ደከመ፣ ኧረ ባትሪዬ ደከመ!” እያለች ኖሯል።

አያ እንድሪስ ግቢ ገብተን እንደቆምን… ጭጭ! መብራቱም፣ መስኮቱም፣ ወንበሩም፣ ቻይናዊቷም። የበሩን አዝራር ተጫንሁ። ምንም! እንደገና። ምንም! ለነፋስ ብለን የከፈትነው የጣሪያ መስታወት ብቻ እንደተከፈተ ቀርቷል።

አያ እንድሪስ ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው ከቤት ወጡ። “ውረዱ እንጂ፣ ግቡ!”

“ክፈተው እንጂ፣ አንተ!” አሉ ጋሽ ታደሰ።

“እምቢ አለኝ!”

“እኛ እኮ እምቢ የሚሉት እሳቸው መስለውን ነው የመጣነው!”

የአያ እንድሪስ ፊት ጠቆረ። “ምነው፣ ቤቴን ተጠየፋችሁት?” አሉ። አለቀ! የወንድሜ ትዳር እጀታ በማጣት ሲፈርስ ታየኝ።

ይህን ጊዜ አያ ሰይድ ጫማቸውን አወለቁ። ወንበሩ ላይ ቆሙና ከነጥምጣማቸው፣ ከነከዘራቸው፣ እስከ ወገባቸው በጣሪያው ብቅ አሉ!

“አሰላሙ አለይኩም፣ አያ እንድሪስ!”

“ወአለይኩም ሰላም! ምን ሆናችሁ?”

“ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ቆመን ለመንን፤ መለሱን። ዛሬ ግን ሰሚራን ለኑሩ ሰጥቻለሁ ካላሉን አንወርድም!”

“አትወርዱም?”

“ወላሂ አንወርድም!”

እንዲህ እውነት የሆነ መሐላ ሰምቼ አላውቅም።

ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተንጠላጠለ። አያ እንድሪስ ግራ ቀኝ አዩ። “እዚህ ፀሐይ ላይ?”

“ዝናብም ይምጣ!”

“እስከ መቼ?”

“እሱን አላህ ነው የሚያውቀው” አሉ አያ ሰይድ፣ ከልባቸው።

የሰሚራ እናት ከበሩ ላይ፣ “አንቱ ሰውዬ! ሽማግሌ ፀሐይ ላይ አድርቀው አገር ሊያሰድቡን ነው?” ብለው ጮሁ። አያ እንድሪስ መሬት መሬት አዩና እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

“በቃ! ሰጥቻለሁ! አላህ ያግባባቸው!”

ግቢው በእልልታ ተናጋ። ከዚያ… ሁሉም እስክንወርድ ይጠብቅ ጀመር።

“ሰጥቻለሁ እኮ! ውረዱ!”

አያ ሰይድ ወደ ውስጥ ጎንበስ አሉ። “ተከፈተ?”

“አልተከፈተም።”

“ያ አላህ!” ብለው ተመልሰው ቀና አሉ። “እ… ኒካውስ መቼ ይታሰር?”

“ከረመዳን በፊት ይሁን!”

“ድግሱስ?”

“እኔ እችላለሁ! ኧረ ውረዱ! ከዚህ በላይ የምሰጣችሁ ሌላ ልጅ የለኝም!”

እኔ በዚህ መካከል ለመኪና ሻጯ ልጅ ደውያለሁ። ስልኬን ድምፁ እንዲሰማ ከፍ አድርጌ ኖሯል፤ ግቢው ደግሞ እኛን እየጠበቀ ጸጥ ብሏል። ልጅቱ በዚያ በሚጣፍጥ ድምፅዋ፣ “ጋሼ፣ በሩ አልከፈት ብሏችሁ ተቆልፎባችሁ ነው? ከበሩ ኪስ ሥር ትንሽ ገመድ አለች፤ ሳብ ያድርጓት!” ስትል፣ ከጎረቤቱ ዶሮ በቀር ያልሰማት አልነበረም።

ሳብሁ። በሩ ተከፈተ። እልልታው አልተመለሰም።

አያ እንድሪስ በሩን አዩ። ጣሪያውን አዩ። ከዚያ አያ ሰይድን አዩ።

“እና… አንወርድም ያላችሁኝ፣ መውረድ አቅቷችሁ ነው?”

“አያ እንድሪስ፣ ውሸት ሐራም ነው” አሉ አያ ሰይድ፣ ጫማቸውን እያጠለቁ። “አንወርድም አልሁ እንጂ፣ አንፈልግም አልሁ?”

አያ እንድሪስ ጢማቸውን ያዙ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቁጣ ነው ብዬ አንገቴን ስቀብር፣ ሳቅ ነው! እንባቸው ጢማቸው ላይ እስኪንጠባጠብ ሳቁ።

“ቃሌን አላጥፍም” አሉ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። “ለልጄ ስፈልግ የኖርሁትስ እንዲህ ያለ ቤተሰብ አይደል? አንዴ ከገባ መውጫው የሚጠፋበት!”