ቁልፉን የሚረከብ ጠፋ

በዚህ ዓለም ሲያልቅ የማያስታውቅ ነገር ጥቂት ነው። ስኳር ሲያልቅ ጎረቤት ሳይቀር ይሰማል፤ ናፍጣ ሲያልቅ ሞተሩ ተንገጫግጮ ይናገራል፤ ትዳር እንኳ ሲፈርስ ሽማግሌ ይሰበሰባል። የሥራ ውል ብቻ ነው ድምፁን አጥፍቶ የሚሞት። የእኔው ከሞተ በኋላ ዝናብ መጥቶ ሄዷል፤ እኔ ግን ዛሬም በኬንያ በኩል ባለችው ጎዶማ በየማለዳው የጉድጓዱን ውኃ መሳቢያ ሞተር አስነሳለሁ። ደመወዙማ ጨዋ ነው፤ ውሉ ሲሄድ ተከትሎት ሄደ።

ታዲያ ለምን ትሠራለህ ትሉኝ ይሆናል። ሚስቴም የምትለኝ ይህንኑ ነው። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት በስሜ ልታስመዘግበው ምንም አልቀራት። ግን የሞተሩ ቁልፍ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ ከብቱ ደግሞ ውል ማንበብ አይችልም። አርብቶ አደሮቹ ናፍጣውን ያዋጣሉ፣ ወተት ይሰጡኛል፣ ይመርቁኛል። ምርቃት ቤት የሚሠራ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ፎቅ ላይ ነበርኩ።

በቅርቡ ግን በቃኝ። የሚስቴ ወንድም በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ የመለዋወጫ ሱቅ ከፈተና፣ ና አብረን እንሥራ፣ እስከ ሰኞ ካልመጣህ ግን ሌላ ሰው አስገባለሁ አለኝ። ሚስቴ የዚያኑ ዕለት ዕቃ መጠቅለል ጀመረች። ለእኔ የቀረኝ ቁልፉን ማስረከብ ብቻ ነበር።

ቀጥሮኝ የነበረው የውኃ ቢሮ ሄድኩ። አዲሱ ኃላፊ ልጅ እግር ነው፤ እንደ አባት በስዋሂሊ ሙዜ፣ ሙዜ እያለ በአክብሮት ወንበር ሳበልኝ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ግን እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ አለ። ንብረት የምንረከበው ከሠራተኛችን ብቻ ነው፤ አንተ ደግሞ ውልህ ስላለቀ ሠራተኛችን አይደለህም አለኝ። ታዲያ የት ልጣለው ስለው፣ አንተው ጋ ይቆይ፣ ንጎጃ ኪዶጎ አለኝ። ጥቂት ጠብቅ ማለቱ ነው። የቢሮ «ጥቂት» ስንት ወር እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ጎዶማ ተመልሼ ቁልፉን ለአርብቶ አደሮቹ ሽማግሌ ለኦቦ ገልገሎ ልሰጥ ሞከርኩ። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መረቁኝ። መንገድህ ናጋ ይሁን፣ ሰላም ግባ፣ ብቻ ግመሎቹ ጠጥተው ሲጨርሱ ሂድ አሉኝ። ግመል ጠጥቶ ሲጨርስ ያየ ካለ ይንገረኝ! ከኡራን የመጣው መንጋ ሲሄድ ሌላው በአቧራው ውስጥ ብቅ ይላል።

እሑድ ማለዳ ቁልፉን የሞተሩ ቤት በር ላይ ሰቅዬ፣ ሚስቴንና ጥቅሎቿን ይዤ ሎሪ ላይ ወጣሁ። ድንበሩ ጋ ወርደን፣ አማቼ ከማዶ እጁን ሲያወዛውዝልን እያየሁ ስልኬ ጮኸ። ኃላፊው ነው። ከብቱ በውኃ ጥም እየጮኸ ነው፣ ቁልፉን ደፍሮ የሚነካ ጠፋ፣ አንተ ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀርተሃል ብሎ ወረደብኝ። እመኑኝ፣ ደስ አለኝ። ከሥራ ቀረ የሚባለው ሥራ ያለው ሰው ነዋ! እንግዲያው ይህን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጠኝ አልኩት። ውል ለሌለው ሰው ደብዳቤ አንጽፍም አለና፣ ነገም ከቀረህ ግን እናባርርሃለን ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ደክሞኛል፤ እውነቴን ነው፣ እስከ አጥንቴ ደክሞኛል። የእነዚያ ከብቶች ጩኸት ግን ከኃላፊው ዛቻ ይልቅ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሚስቴ ጥቅሏ ላይ ተቀምጣ ምን ሆነህ ነው አለችኝ።

ከሥራ ሊያባርሩኝ ነው አልኳትና ወደ ጎዶማ የሚመለስ ሎሪ መፈለግ ጀመርኩ።