ላንድሎርዱን ፍለጋ ፓርክታውን

ልጁን ጥሩ ትምህርት ቤት ያስገባ ወላጅ በገዛ ገንዘቡ ቤቱ ውስጥ ዳኛ ሾመ ማለት ነው። አትሳቁ! የእናንተም ተራ ይደርሳል። እኔ ከሆሳዕና ተነስቼ ጆሃንስበርግ ስገባ ያማከርኩት ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ግን ሸሚዝ ስቀይር እንኳ የአሥራ ሁለት ዓመቷን ልጄን ቤተልን ማስፈቀድ አለብኝ።

ባለፈው ሳምንት መምህሯ "ከወላጃችሁ ጋር አንድ ታሪካዊ ቤት ጎብኙ። ከዚያ ስለ ቤቱም፣ አብሯችሁ ስለሄደው ሰውም ለክፍሉ ትናገራላችሁ" ብላ አዘዘች። ጉዱ ያለው "ስለሄደው ሰውም" የምትለዋ ላይ ነው። ለካ ቤተል ለጓደኞቿ የአባቷ ሥራ "ቢዝነስ" ነው እያለች ኖራለች። ቢዝነሱ አይቮሪ ፓርክ በሚባለው የድሃ ሰፈራችን ውስጥ በብረት ፍርግርግ በኩል ዳቦና የሞባይል ካርድ የምትሸጥ፣ ስፓዛ የሚሏት የመንደር ሱቅ መሆኗን ዘልላዋለች። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ከፋኝ። እናም ለዚያች ቀን እንኳ ልጄ የማታፍርበት አባት ልሁን ብዬ ቆረጥኩ። ሱቁን ለሚስቴ ትቼ የሠርጌን ሙሉ ልብስ ለበስኩ። ቁልፉ አልዘጋ አለ እንጂ ጨርቁስ ግሩም ነው!

በባኪዬ ሄድን። ባኪ የሱቅ ዕቃ የምጭንባት ፒካፕ መኪናዬ ናት።

"አባ፣ ፕሊስ፣ ራቅ አድርገህ አቁማት።"

"ለምን?"

"ሽንኩርት ሽንኩርት ትላለች። ደግሞ ውስጥ ስንገባ ብዙ አታውራ፣ ኦኬ?"

"የትምህርት ቤትሽ ክፍያስ ምን ምን ይላል?" አልኳት... በልቤ!

ቤቱ ፓርክታውን ኮረብታ ላይ የተገተረ የድንጋይ ቤት ነው። ቤት አልኩት እንጂ ደረጃው ብቻ እኔን ከነሱቄ ያኖረኛል። አስጎብኚዋ ፀጉራቸው የነጣ፣ አንገታቸው የቀና ፈረንጅ ናቸው። እኔም ደንበኞቼ ላይ በለመደ አፌ፣ በሙሉ አክብሮት "ሳውቦና ጎጎ!" አልኳቸው። ሳውቦና በዙሉ ጤና ይስጥልኝ፣ ጎጎ ደግሞ አያት ማለት ነው፤ እኛ ሰፈር ለአሮጊት ከዚህ የበለጠ ማዕረግ የለም።

"የማንም አያት አይደለሁም" አሉኝ።

ቤተል ጣሪያውን በጥሞና ማጥናት ጀመረች።

ሴትዮዋ ቀጠሉና "ይህ የአንድ ታላቅ ላንድሎርድ መኖሪያ ነበር" ሲሉ ሰማሁ። ላንድሎርድ! ወገኖቼ፣ በኛ መንደር አንጀት የሚያሳርር ቃል ካለ እሱ ነው። ላንድሎርድ ማለት ሱቄ የቆመችበት ግቢ ባለቤት ነው። ሲያሰኘው ከፍሪጄ ኮካ አውጥቶ ይጠጣል፣ ያገሳል፣ "ግቢዬን ልፈልገው እችላለሁ" ብሎ ይሄዳል። ደሜ ፈላ።

"አሁን የት ነው?" አልኳቸው።

"ከሞተ ቆየ።"

"እፎይ! ተከራዮቹ ዐረፉዋ!"

"የምን ተከራዮች?"

"ከጓሮ ያሉት ናቸዋ!" አልኩ በመስኮት እያሳየሁ። ከኋላ ጠባብ ጠባብ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ የኛ ሰፈር ላንድሎርዶች ጓሯቸው ላይ ሠርተው እንደሚያከራዩት ያለ። እኔን ማን ያታልለኛል? በሩን ሳየው አውቀዋለሁ!

"እነዚያ የአሽከሮች ማደሪያ ነበሩ። ባለቤቱ የከበረው በወርቅ ማዕድን እንጂ በኪራይ አይደለም" አሉ ሴትዮዋ።

"ወርቁን የቆፈሩትስ? እነሱ የት ነበር የሚያድሩት?"

ዝም አሉ። ያልተዛነፈ መጋረጃ አቃኑ። ከዚያ "ወደ አትክልቱ እንለፍ" አሉ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? የዚያ ቤት ወርቅ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዞር ብዬ ሳይ ቤተል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ባኪው ውስጥ እንደገባን ፈነዳች።

"አባ! ላንድሎርድ አላሉም እኮ! ራንድሎርድ ነው ያሉት!"

"ምን ለውጥ አለው?"

"ራንድሎርድ ማለት ድሮ እዚህ በወርቅ የከበሩት ናቸው።"

"ከየት መጥተው?"

"ከባሕር ማዶ።"

"ፎሪነር ናቸዋ!"

"...ያህ።"

"ታዲያ ወረቀት አሳዩ ያላቸው ማነው? ዘግታችሁ ውጡ ያላቸውስ?"

"ማንም" አለች ቀስ ብላ።

እስቲ ፍረዱኝ! ፎሪነር ወርቅ ሲያፍስ ታሪክ ይሆንና ቤቱ በትኬት ይጎበኛል፤ ፎሪነር ዳቦ ሲሸጥ ችግር ይሆንና ሱቁ በድንጋይ ይጎበኛል። ይህንኑ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ቤተል እስከ ሰፈር ድረስ ውጭ ውጭውን እያየች ሄደች። አለቀልኝ አልኩ። ሰኞ ለክፍሉ በምትናገርበት ቀን፣ ምን ብላኝ ይሆን እያልኩ ስኳር ለጠየቀኝ ጨው ስሰጥ ዋልኩ።

ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ በቀጥታ ሱቅ ገባች።

"ነገርኳቸው፣ አባ።"

"ምን ብለሽ?"

"አስጎብኚዋን ጠይቆ ዝም ያሰኛቸው አባቴ ነው፣ አይቮሪ ፓርክ ስፓዛ ሱቅ አለው አልኩ። ራንድሎርድ ሳይሆን ስፓዛሎርድ ነው ስላቸው ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ።"

ስፓዛሎርድ! እንባዬ መጣ። ቀጥሎ ግን ደስታው አናቴ ላይ ወጣ። በዚሁ መሐል ፍርግርጉ ተንኳኳ።

"ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!"

እዚህ አገር የባለሱቅ ስደተኛ ሁሉ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው። እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሎርድ ነኝ፤ ሎርድ ደግሞ አይጣደፍም። ኮሌታዬን አስተካከልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ ቀስ እያልኩ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ስደርስ ሰውየው የለም። ከማዶው ሱቅ ዳቦውን ታቅፎ ሲወጣ አየነው።

ቤተል ቦርሳዋን አወረደችና ከዳቦው መደርደሪያ አጠገብ ቆመች።

"አባ" አለችኝ፣ "ሎርድነቱ ሱቃችንን ከዘጋን በኋላ ይሁን።"